ጠበንጃው ከየትኛው መደብ ይገባል? ስለ ካናዳ የጦር መሣሪያ ምደባና ስለ መልሱ መዘግየት ከጎንደር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ፒያሳ ወዳለችው ትንሽ የጽሕፈትና የትርጉም ቤቴ ድሮ የሚመጣው ወረቀት የልደት ካርድ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀትና የትምህርት ማስረጃ ብቻ ነበር። ካልጋሪ፣ ኤድመንተንና ቶሮንቶ የገቡት ልጆቻችን ሲበረክቱና ከእነርሱም አንዳንዶቹ አደን ሲለምዱ ግን፣ ወላጆች «ልጄ ጠበንጃ ገዝቶ መልስ አጣሁ ይለኛል፤ ምን ማለቱ ነው?» እያሉ በስልካቸው የተላከላቸውን የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ያሳዩኝ ጀመር። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች እነርሱ ደጋግመው የጠየቁኝ ናቸው። መልሶቹ የካናዳን ሕግ የሚመለከቱ ሲሆኑ፣ ወደ አገራችን ሕግ የምገባው ነገሩ ሲያስገድደኝ ብቻ ነው። ተርጓሚ እንጂ ጠበቃ ስላልሆንሁ፣ ክስ የተከፈተበት ሰው እዚያው ያለ ጠበቃ ማነጋገር ይኖርበታል።

«ምደባ» የሚሉት ነገር ምንድን ነው?

በካናዳ አንድ ጠበንጃ ወይም ሽጉጥ ከሦስት መደቦች በአንዱ ይወድቃል፤ እነርሱም ያልተገደበ፣ የተገደበና የተከለከለ ይባላሉ። መደቦቹን የሚተረጉመው የአገሪቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 84 ሲሆን፣ ፈቃዱንና ምዝገባውን የሚመራው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የጦር መሣሪያ ሕግ ነው። ተራው የአደን ጠበንጃ አብዛኛውን ጊዜ ያልተገደበ ነው። በርሜሉ ከ470 ሚሊ ሜትር ያጠረና አንድ ጥይት ተኩሶ ሌላውን ራሱ የሚያጎርስ ጠበንጃ አብዛኛውን ጊዜ ከተገደበው ይመደባል። ቃታው እንደተሳበ ሳያቋርጥ የሚንጣጣው፣ እንዲሁም በርሜሉ ከ457 ሚሊ ሜትር በታች ሆኖ የተቆረጠው ጠበንጃ የተከለከለ ነው።

መደቡ ስም ብቻ አይደለም። ባለቤቱ የትኛውን ፈቃድ ማውጣት እንዳለበት፣ መሣሪያውን ማስመዝገብ ይኑርበት አይኑርበት፣ እንዴት ቆልፎ እንደሚያስቀምጠው፣ ዱር ይዞት መግባት ይችል እንደሆነም የሚወስነው መደቡ ነው። ስለዚህ መደቡ ያልታወቀ ጠበንጃ የገዛ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ባዶ እጁን እንደተቀመጠ ይቆጠራል።

መደቡን የሚሰጠው ማን ነው? መዝገቡስ ራሱ ሕግ ነው?

የካናዳ ፌዴራል ፖሊስ፣ እነርሱ አርሲኤምፒ የሚሉት፣ የጦር መሣሪያ ማመሳከሪያ ሠንጠረዥ የሚባል ትልቅ መዝገብ አለው። ለእያንዳንዱ የመሣሪያ ዓይነት የራሱ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ሠሪው፣ ሞዴሉ፣ የሚተኩሰው ጥይትና የበርሜሉ ርዝመት ይጻፍለታል፤ በመጨረሻም የፖሊስ ባለሙያዎች የሰጡት መደብ ይሰፍራል። ፖሊሱ፣ የጉምሩክ ሠራተኛውና የመሣሪያ ነጋዴው ሁሉ የሚያዩት ይህንኑ ነው።

ሠንጠረዡ ሕግ አይደለም። ክርክር ቢነሣ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ዳኛ ነው፤ የሠንጠረዡ መስመር በዳኛ ፊት የባለሙያ አስተያየት ከመሆን አያልፍም። ይሁን እንጂ ጠበንጃ የገዛ ሰው ውሎው ከዳኛ ጋር ሳይሆን ከነጋዴና ከጉምሩክ ሠራተኛ ጋር ስለሆነ፣ ያ አስተያየት በተግባር ከሕግ የማይተናነስ ጉልበት አለው። የባለቤቶቹ ምሬት ግማሹ የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ ምክር ቤት ተከራክሮ ያላጸደቀው፣ በጋዜጣ ያልታወጀ መስመር የንብረታቸውን ዕጣ ሲወስን ያያሉ።

ታዲያ መልሱ ለምን ይዘገያል?

ከምክንያቶቹ አንዳንዶቹ እውነተኛ ናቸው፤ አቃልሎ ማየቱ ፍትሐዊ አይሆንም። አዲስ ሞዴል ሲመጣ ባለሙያው ፎቶግራፍ አይቶ ብቻ ላይወስን ይችላል፤ መሣሪያውን ፈትቶ ማየት፣ በርሜሉን መለካት፣ ተንጣጪ ሆኖ ተሠርቶ በኋላ የተለወጠ መሆን አለመሆኑን መመርመር ይኖርበታል። በካናዳ ሕግ አንድ ጊዜ ተንጣጪ ሆኖ የተሠራ መሣሪያ ኋላ ላይ አንድ በአንድ ብቻ እንዲተኩስ ቢደረግም የተከለከለ ነው። ስለዚህ የመሣሪያው የትውልድ ታሪክ እንደ አካሉ ሁሉ ይመረመራል፤ ታሪኩ ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ባሕር ማዶ ካለ ፋብሪካ ዘንድ ነው።

ከዚህ የባሰው ችግር ግን አንድ ቃል ነው። የክልከላ ዝርዝሮቹ የመሣሪያውን ስም ከጠሩ በኋላ «እና የእርሱ ዝርያዎች» ብለው ይጨምራሉ። ዝርያ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ግን የወንጀል ሕጉ አልተረጎመውም። ሰደፉ ብቻ የሚመስል ዝርያ ነው? የውስጥ ዕቃው የሚለዋወጥስ? ወይስ በፋብሪካው ማስታወቂያ ላይ «የእገሌ ወንድም» ተብሎ የተጻፈለት? ትርጉም የሌለው ቃል የተሰጠው ባለሙያ በእያንዳንዱ መሣሪያ ላይ ክርክሩን ከሀ መጀመር አለበት፤ ሁለት ባለሙያዎችም ሁለት መልስ ቢሰጡ የሚገርም አይሆንም።

አልበርታ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ለመኸሩ የአጋዘን አደን ብሎ ከአንድ ሱቅ ጠበንጃ መርጦ ቀብድ ከፈለ። ሱቁ «የሞዴሉ ቁጥር ገና አልመጣም» አለው። በጸደይ ደወለ፣ በበጋ ደወለ፣ በረዶ ከወደቀም በኋላ ደወለ። ሱቁ ሁልጊዜ የሚጽፍለት አንድ ዓይነት መልስ ነበር፤ እሱም ትርጉሙን በትክክል ተረድቼው እንደሆነ ብሎ አስነበበኝ። ለመተርጎም ፋታ እንኳ አልወሰደብኝም፤ «በሂደት ላይ ነው» የሚለውን ቃል ጎንደር ላይ ያልሰማ ሰው የለምና።

እኔ የምለው ይህ ነው። ምርመራው ጊዜ መውሰዱን አልነቅፍም። የምነቅፈው የሚጠብቀው ሰው ከሰልፉ የት ላይ እንዳለ፣ ምን ሰነድ እንደጎደለ፣ ቢያንስ መቼ ተመልሶ እንዲጠይቅ አለመነገሩን ነው። «ተከልክሏል» የተባለ ሰው ቀብዱን አስመልሶ ሌላ ይገዛል። ምንም ያልተባለ ሰው ግን ገንዘቡም የአደን ወቅቱም ታስረውበት ይከርማሉ።

በሕግ የተገዛ ጠበንጃ በአንድ ሌሊት ሕገ ወጥ ሊሆን ይችላል? ልጄ ያጋነነ መስሎኝ ነበር።

አላጋነነም። እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ ላይ የሆነውን ልንገርዎት። ስዊስ አርምስ የሚባሉ ጠበንጃዎች ከአሥር ዓመት በላይ በሕጋዊ መንገድ ሲሸጡ ኖረዋል፤ ሲዜድ-858 የሚባለውም የቼክ ጠበንጃ እንዲሁ። በዚያ ዓመት የካቲት ገደማ ፖሊስ የመጀመሪያዎቹን የአንድ የተከለከለ የስዊስ ወታደራዊ ጠበንጃ ዝርያ ናቸው፣ ከሁለተኛዎቹም የተወሰኑትን ተንጣጪ ሆነው ተሠርተው የተለወጡ ናቸው ብሎ ሁለቱንም ከተከለከለው መደብ አስገባቸው። ባለቤቶቹ ያጠፉት ነገር አልነበረም፤ በሕግ ገዝተው በሕግ ቆልፈው ያስቀመጡት ዕቃ ነበር። ሠንጠረዡ ላይ አንድ ቃል በመለወጡ ብቻ በወንጀል ሊያስከስስ የሚችል ንብረት ይዘው አደሩ።

ጩኸቱ በረታና መንግሥት በመጋቢት ምሕረት አወጀ፤ ባለቤቶቹ እንዳይከሰሱ ጠበንጃቸውን ግን እንዳይተኩሱበት። ከዚያ በ2015 ሚኒስትሮች የፖሊስን ምደባ በደንብ መሻር እንዲችሉ የሚያደርግ ሕግ ወጣ፤ ጠበንጃዎቹም ተመለሱ። በ2019 ሌላ መንግሥት ያንን ሥልጣን በሌላ ሕግ አነሣው። የጠበንጃው ብረት አልተለወጠም፤ ሰደፉም ቃታውም ያው ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ ግን ያልተገደበ፣ የተከለከለ፣ እንደገና የተፈቀደ፣ ከዚያም መልሶ አጠያያቂ ሆነ። ልጅዎ «ነገ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም» ቢልዎ ከዚህ ታሪክ የተማረውን ነው የሚናገረው።

መደቡ ከተለወጠ ለምን ደብዳቤ አይጽፉላቸውም?

ማን ምን እንዳለው ስለማያውቁ ነው። ካናዳ የረጅም ጠበንጃዎችን ምዝገባ እ.ኤ.አ. በ2012 በሕግ አስቀርታለች። የተገደቡና የተከለከሉ መሣሪያዎች እስከ ዛሬ ይመዘገባሉ፤ ያልተገደበ ጠበንጃ የያዘ ሰው ግን የራሱ ፈቃድ እንጂ የጠበንጃው መዝገብ የለም። ስለዚህ ያልተገደበው ጠበንጃ ነገ ቢከለከል መንግሥት የባለቤቱን አድራሻ ከየትም አያመጣም፤ ባለቤቱ ራሱ በየጊዜው ሠንጠረዡን ከፍቶ ማየት አለበት። ሠንጠረዡ ለሕዝብ የሚታይ መሆኑ እዚህ ላይ ጠቅሟል።

ነገሩ ምፀት አለው፤ ምዝገባ ይቅር ብለው አብዝተው የታገሉት ባለቤቶቹ ራሳቸው ነበሩ። ይህን ስነግረው የእህቴ ልጅ ለጥቂት ጊዜ አኮረፈኝ።

የ2020ው ክልከላ ምን ነበር? አሁንስ የት ደርሷል?

እ.ኤ.አ. ሜይ 1 ቀን 2020 መንግሥት 1,500 ያህል የመሣሪያ ሞዴሎችን በአንድ ቀን ከለከለ። ዲሴምበር 2024 ላይ ሌሎች 324፣ ማርች 2025 ላይ ደግሞ 179 ተጨመሩ። በመካከሉ በዲሴምበር 2023 አዲስ ሕግ ወጥቶ፣ ከዚያ በኋላ ተነድፈው የሚሠሩ፣ ከአምስት ጥይት በላይ የሚይዝ ተነቃይ ካዝና እንዲኖራቸው የታቀዱ፣ ራሳቸው የሚያጎርሱ ረጃጅም ጠበንጃዎችን አስቀድሞ ከለከለ።

ለ2020ዎቹ የተሰጠው ምሕረት በ2022 ሊያበቃ ነበር። ሦስት ጊዜ ተራዝሞ እስከ ኦክቶበር 30 ቀን 2026 ተደርጓል። መንግሥት መሣሪያዎቹን በገንዘብ እገዛለሁ ያለው ከመነሻው ቢሆንም፣ ሰዎች ዓመታት ሙሉ የማይሸጡት፣ የማይተኩሱበት፣ የማይጥሉትም ብረት ቆልፈው ተቀምጠዋል። ክልከላውን የሚደግፍ ሰው እንኳ ይህን አካሄድ ሊያመሰግን አይችልም፤ ያስፈራል የተባለው መሣሪያ ያን ሁሉ ዓመት በየቤቱ ነው የከረመው።

ለአደን ጠበንጃ ይህን ያህል መማረር ተገቢ ነው?

ይህን የሚጠይቁኝ ብዙ ጊዜ የከተማ ሰዎች ናቸው። የገጠር ሰው አይጠይቀኝም። አርማጭሆ ወይም ቋራ ያደገ ሰው ጠበንጃ ከብት እንደሚጠብቅ፣ ሠርግ ላይ እንደሚፎከርበት፣ ሲሞትም ለልጅ እንደሚተላለፍ ያውቃል፤ «ነፍጡን ወሰዱበት» ማለት ከዕቃ በላይ የሆነ ነገር ወሰዱበት ማለት እንደሆነም ይገባዋል። የካናዳ ገበሬና አዳኝ በዚህ ረገድ ከእኛ አይርቅም። ሰሜን ያሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች ደግሞ ሥጋቸውን የሚያገኙት በአደን ነው፤ በ2020ውም ክልከላ ጊዜ ለእነርሱና ለኑሮ ብለው ለሚያድኑ ሰዎች ሌላ እስኪያገኙ ድረስ በያዙት መሣሪያ እንዲያድኑ ልዩ ፈቃድ ተሰጥቷል።

የአያታችንን ውጅግራ ለልጃችን ብንልክለት ከየትኛው መደብ ይገባል?

ከሁሉ የበለጠ የተጠየቅሁት ይህ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ። ከሦስቱ መደቦች ውጭ «ጥንታዊ» የሚባል አራተኛ በር አለ። ጥንታዊ የተባለ መሣሪያ ባለቤቱን ፈቃድም ምዝገባም አይጠይቀውም። ረጅም ጠበንጃ ሆኖ መሐል ጎማ ጥይት፣ ማለትም መምቻው በቀለሁ ቂጥ መካከል የሆነውን ጥይት የሚተኩስ ከሆነ፣ ጥንታዊ ለመባል ሦስት ነገር ያስፈልገዋል፦ እ.ኤ.አ. ከ1898 በፊት የተሠራ መሆን፣ ካዝና የሌለው አንድ ጎራሽ መሆን፣ የበርሜሉም ቀዳዳ በውስጡ ተጠማዝዞ ከተቀረጸው መስመር ጥርስ እስከ ጥርስ ሲለካ 8.3 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ መስፋት።

ውጅግራ የምንለው ስሙን ያገኘው ግራ ከተባለው የፈረንሳይ ጠበንጃ ነው፤ የ1874 ሞዴል፣ 11 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ጎራሽ። ዐፄ ምኒልክ በብዛት አስገብተውት ዐድዋም ላይ ተተኩሶበታል። ሦስቱንም ያሟላል። አሥራ ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1886 የመጣው ሌላው የፈረንሳይ ጠበንጃ ለበን ግን አያሟላም፤ 8 ሚሊ ሜትር ከመሆኑም ሌላ ከበርሜሉ ሥር ባለው ቱቦ ብዙ ጥይት ይይዛል። ስለዚህ በ1890 የተሠራ ለበን ጥንታዊ አይደለም፤ ያልተገደበ ጠበንጃ ነው፤ ተቀባዩም ፈቃድ ያስፈልገዋል። ከሲናድር እስከ ለበን ያሉት የአያቶቻችን መሣሪያዎች አንድ ግድግዳ ላይ ተሰቅለው በካናዳ ሕግ ግን በሁለት ዓለም ይኖራሉ።

ባለፈው አዘዞ አንድ ቤት ተጠርቼ ሄጄ ያየሁት ውጅግራ በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልሎ ከቆጡ ላይ ወረደ። ቅቤና ጥላሸት አብረው ደርቀውበት ብረቱ አይታይም ነበር። በትንሽ ጋዝና በጨርቅ ስንጠርገው ጥይት ከሚጎርስበት ከግራ በኩል የሴንት ኤትየን ፋብሪካ ስምና «ሞዴል 1874» የሚል የተጠማዘዘ ጽሑፍ ብቅ አለ፤ ከጎኑም «ኤም 80» የሚል ማኅተም፣ ይኸውም በ1880 በተደረገው ማሻሻያ ያለፈ መሆኑን የሚናገር። በርሜሉ ቀኝ ጎን ላይ «ኤስ 1878» ተቀርጿል። ኤሷ የፋብሪካዋ ፊደል ናት፤ 1878 የተሠራበት ዓመት። ቤተሰቡ ያዘጋጀው ማስረጃ ግን ሌላ ነበር፤ ጠበንጃው ዐድዋ የዘመተ ስለመሆኑ ሦስት ሽማግሌዎች የፈረሙበት የምስክርነት ቃል። ቃሉን በክብር ተረጎምሁላቸው፤ መደቡን የምትወስነው ግን በርሜሉ ላይ ያለችው አራት አኃዝ እንደሆነች ነገርኋቸው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መነሻ ላይ ፈረንሳዮች ከእነዚሁ ጠበንጃዎች የተወሰኑትን በርሜል ለውጠው የ8 ሚሊ ሜትር የለበን ጥይት እንዲተኩሱ አድርገዋቸዋል። እንዲህ የተለወጠው ከውጭ ሲያዩት ውጅግራ ይመስላል፤ ጥንታዊ ለመባል ግን ቀዳዳው ይጠብባል። ስለዚህ የበርሜሉን አፍ መለካት ከማኅተሙ እኩል ያስፈልጋል።

ከጎንደር የማውጣቱ ጉዳይ ደግሞ የካናዳ አይደለም፤ የእኛ ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ የጦር መሣሪያም እንደ መሣሪያነቱ የራሱ ፈቃድ ይፈልጋል። ነገሩን እንደ ቅርስ ማስመርመርና በጽሑፍ መልስ ማግኘት ከመላክ በፊት የሚደረግ ነው። በሻንጣ ጠቅልሎ ቦሌ መሄድን ማንም እንዳይሞክረው። እኔን ብትጠይቁኝ ውጅግራው ካልጋሪ ከሚሄድ እዚሁ ግድግዳው ላይ ቢቆይ እመርጣለሁ፤ ይህ ግን የተርጓሚ ሥራ አይደለም።

ቤልጅግስ? ኤም ዋንስ? ክላሽስ?

ቤልጅግ የምንለው በቤልጅግ ፋብሪካ የተሠራውና በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የገባው አጭር ማውዘር፣ የይሁዳ አንበሳ የተቀረጸበት አምስት ጎራሽ፣ ያልተገደበ ነው። ከጣልያን የተማረኩት የ6.5 ሚሊ ሜትር ጠበንጃዎችም እንዲሁ። በንጉሡ ዘመን ከአሜሪካ የመጣው ኤም ዋን እስከ አሁን አልተከለከለም፤ ታናሽ ወንድሙ ኤም 14 ግን በ2020 ተከልክሏል። ኤስኬኤስ የሚባለው የሩሲያ ጠበንጃ በ2024ም በ2025ም ዝርዝር ውስጥ ሳይገባ እንደ ሥጋት ተንጠልጥሎ ቆይቷል፤ እጅግ ብዙ አዳኝ ስለሚይዘው ባለቤቶቹ ዝርዝር በወጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚፈልጉት የእርሱን ስም ነው። ክላሽ የተከለከለ ነው።

ምንሽርና ዲሞትፈር የሚሉ ስሞች ሲነግሩኝ አልመልስም፤ እነዚህ ስሞች ከቤት ቤት የተለያየ ጠበንጃ ሲጠራባቸው አግኝቻለሁና። የማኅተሙን ፎቶግራፍ ይዛችሁ ኑ።

በምደባው ያልተስማማ ሰው የት ይከራከራል?

የተመዘገበ መሣሪያ ከሆነና የምዝገባው ወረቀት ከተከለከለ ወይም ከተሰረዘ፣ ባለቤቱ ማስታወቂያው በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ጉዳዩን ወደ ክፍለ ሀገሩ ፍርድ ቤት ዳኛ መውሰድ ይችላል። ያልተመዘገበ ጠበንጃ መደቡ ሲለወጥ ግን የሚሰረዝ ወረቀት ስለሌለ ይህ በር በቀላሉ አይከፈትም፤ ክርክሩ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ያመራል፤ እርሱም ለጠበቃ የሚከፈለው ገንዘብ ከጠበንጃው ዋጋ በብዙ እጥፍ የሚበልጥበት መንገድ ነው። ለዚህ ነው አብዛኛው ሰው ተማርሮ ዝም የሚለው።

እኛ አገርስ ከዚህ የተሻለ ነው?

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ የሚያዘው በፈቃድ እንደሆነ ይደነግጋል። ስለ ወቅቱ የጸጥታ ሁኔታ በዚህ ገጽ አልጽፍም። መልስ ስለ መጠበቅ ግን የማውቀው አንድ ነገር አለ። አንድ የሰፈሬ አዛውንት የአባታቸውን ቤልጅግ ሕጋዊ ለማድረግ ብለው አንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ጊዜ ተመላልሰዋል፤ አንድ ጊዜ ባለሙያው ስብሰባ ነው፣ አንድ ጊዜ ቅጹ አልቋል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ «ይህን ዓይነት መሣሪያ በየትኛው ረድፍ እንደምንጽፈው ከበላይ ጠይቀናል» ተባሉ። ሦስተኛው መልስ ደስ እንዳሰኛቸው ነግረውኛል፤ ቢያንስ ምን እንደሚጠበቅ ታወቀ አሉ።

ለልጃችን ከዚህ ሆነን ምን ልንረዳው እንችላለን?

ጉዳዩ አሮጌ መሣሪያ ከሆነ ጥሩ ፎቶግራፍ ይጠቅማል። ማኅተሞቹን አንድ በአንድ፣ በቀን ብርሃን፣ ማስመሪያ አጠገቡ አስቀምጣችሁ አንሡ፤ የበርሜሉን አፍ ፊት ለፊት አንሡ። ብረቱን በአሸዋ ወረቀት አትፈግፍጉት፤ ማኅተም የጠፋበት ጠበንጃ ዕድሜውን ማስረዳት አይችልም። ድንበር ላይ ጥንታዊነቱን ማስረዳት የሚጠበቀው ከአስገቢው ነው፤ ምንም ፈቃድ የማይጠይቅ መሣሪያም ቢሆን ለጉምሩክ ሳይነገር አይገባም። ጉዳዩ ካናዳ የተገዛ አዲስ ጠበንጃ ከሆነ ግን ከዚህ የምትልኩለት ወረቀት የለም፤ በየቀኑ «ምን ደረሰ?» ብላችሁ ባትጠይቁት ይረዳዋል።

መልሱን እየጠበቀ ሳለ ማደን ይችላል?

ገና ባልተረከበው ጠበንጃ አይችልም። ከ2020 ዝርዝር ውስጥ የገባ ጠበንጃ ካለውም ምሕረቱ የሚጠብቀው ሳይተኩስበት ቆልፎ ካስቀመጠው ነው። ፈቃድ ያለው ሰው ግን ያልተገደበ ጠበንጃ ፈቃድ ካለው ወዳጁ ሊዋስ ይችላል። የእህቴ ልጅ ያደረገው እንዲሁ ነው፤ የጎረቤቱን አሮጌ አምስት ጎራሽ ተውሶ ወጣና በኅዳር በረዶ ላይ የወደቀ አጋዘን ፎቶግራፍ ላከልን። እናቱ ፎቶግራፉን ለረጅም ጊዜ አየችና ጓንት ለምን እንዳላደረገ ጠይቂልኝ ብላ ስልኩን ለሴት ልጇ ሰጠች።